ከማን ጋር ነው የምታወራው?

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሆስፒታል ገብታችሁ፣ የእናንተ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ እያቃሰተ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ነርስ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ በኮሪደሩ ስትመላለስ ብታዩ ምን ትላላችሁ? እውነቱን እንነጋገር። «የሰው ነፍስ ተይዛ እሷ ወሬዋን ትሰልቃለች» አትሉም? እኔ ብያለሁ። በልቤ ብቻ ብዬው ቢሆን ኖሮ ከእኔና ከፈጣሪዬ በቀር የሚያውቀው ባልኖረ ነበር። እኔ ግን በአፌ ነው ያልኩት፤ ያውም ሰው በተሰበሰበበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ዛሬ ይህን የምጽፈው የዚያን ሌሊት ዕዳዬን በከፊል ለመክፈል ነው፤ ከዕዳው ጋር የተገለጠልኝንም ነገር ለእናንተ ለማካፈል።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የላስታን ምድር ያየ ሰው የመንገዱን ነገር አይስተውም። ከተማችን ላሊበላ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4200 ሜትር ይበልጣል። በእነዚህ ገደላገደሎች መካከል የሚኖር ገበሬ ሰው ሲታመምበት መጀመሪያ የሚታየው ሐኪሙ አይደለም፤ አቀበቱ ነው። የእህቴ ልጅ የበኩር ልጇን ልትወልድ ምጥ የያዛት በዚህ ዓይነቱ ቀበሌ ነበር። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ጤና ጣቢያውም ከአቅሙ በላይ መሆኑን አይቶ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላካት። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም፤ የማወራው በብዙዎቹ ዘንድ ያለውን ነገር ነውና የአንዱን ስም ነጥሎ መጥራት ፍትሕ አይሆንም። እኔም በስልክ ተጠርቼ ከቤቴ ተነሥቼ ደረስኩ።

ከመግሪብ በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች። ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ሳያበቃ ግን የአዋላጇ ፊት ተለወጠ። ደሙ አልቆም አለ።

በማዋለጃ ክፍሉ የሌሊት ተረኞች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛዋ ከአልጋው ሳትለይ የልጅቱን ሆድ በእጇ እየጨመቀች ከደሙ ጋር ትታገላለች። ሁለተኛዋ፣ ዕድሜዋ ከሃያ አምስት የማይበልጥ ቀጭን ልጅ፣ ስልኳን ይዛ ወጣች። ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤ አወረደችው፤ በጣቷ ነካካችው፤ ተመልሳ ገባች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ወጣች። ሦስተኛ ጊዜ ስትወጣ እህቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች። ደሜ ፈላ። «አንቺ! ልጃችን እየሞተች ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ብዬ ጮኽሁባት። በኮሪደሩ ያለው አስታማሚ ሁሉ ዞረ። አንዱም «እውነቱን ነው፤ እነዚህ ልጆች ስልክ ከያዙ ወዲያ ሰው አይታያቸውም» ብሎ አገዘኝ።

ልጅቱ አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ቀረብ ብላ በዝግታ «ጋሼ፣ ስልክዎ ላይ ሂሳብ አለ?» አለችኝ። ነገሩ ስላልገባኝ ዝም ብዬ አየኋት። «የእኔ አልቋል፤ የተበደርኩትም አልቋል። ለዶክተሩ ‹ይደውሉልኝ› የሚለውን ሁለት ጊዜ ላክሁ፤ አላዩትም መሰለኝ» አለች።

ስልኬን ሰጠኋት። ከክፍሉ ውስጥ ኔትወርክ አይገባም፤ ደጅ ካለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ሲቆሙ ነው የሚይዘው። ለካስ ሦስት ጊዜ የወጣችው ለዚሁ ኖሯል። ከራሷ ስልክ ቁጥሩን እያነበበች በእኔ ስልክ ደወለች። መጀመሪያ ተረኛውን ሐኪም፣ ቀጥሎ የሰመመን ባለሙያውን፣ ቀጥሎ ደም የሚያስቀምጠውን የላቦራቶሪ ሰው። ያን ሁሉ ስታደርግ አንድም ትርፍ ቃል ከአፏ አልወጣም። «ወልዳ ነው፤ እየደማች ነው፤ ይድረሱ፤ የደም ዓይነቷ ይህ ነው» ብቻ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «የደም ዓይነትዎን ያውቃሉ?» አለች። አላውቅም ነበር። የሰው ጥፋት ለመቁጠር የፈጠንኩት ሰውዬ የራሴን ደም አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ በነጠላ ጫማ፣ ዝናቡ እየመታው፣ እየሮጠ ደረሰ። ደሙም መጣ። ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ አልተርክም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። ንጋት ላይ ልጅቱ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። አልሐምዱሊላህ፤ ዛሬ እናትም ልጅም በሕይወት አሉ፤ ልጁም ፍየል ይጠብቃል።

ጎህ ሲቀድ ስልኬን አውጥቼ ሂሳቤን አየሁ። በእነዚያ ጥሪዎች የወጣብኝ አሥር ብር አይሞላም። ውድ አንባቢያን፣ ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። የአንዲት እናት ነፍስ በአሥር ብር የማይሞላ ካርድ ላይ ተንጠልጥላ አድራለች። ያም ካርድ የመንግሥት አልነበረም፤ የሆስፒታሉ አልነበረም፤ ከአንዲት ወጣት ነርስ ደመወዝ ላይ እየተቆነጠረ የሚገዛ ነበር። እኔም በላይዋ ላይ ጮኬባታለሁ።

ይህ ብቻ ቢሆን «ተሳሳትኩ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ» ብዬ ባበቃሁ። ትምህርቱን ያጠናቀቀልኝ ግን የጧቱ ነገር ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ፈረቃ ተቀየረ። የሌሊቶቹ ለቀኖቹ ሲያስረክቡ ቆሜ አየሁ። መዝገቡ ተነበበ፤ የመድኃኒት ቁምሳጥኑ ቁልፍ ተሰጠ፤ መቀሱና መቆንጠጫው ሳይቀር ተቆጠረ። ደንበኛ ርክክብ ነው። ከዚያ የሌሊቷ ልጅ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለተኛው ከረጢት ደም የት ደረሰ ተባለ። የቀኗ ነርስ መዝገቡን ገለጠች፤ ግድግዳውን ተመለከተች፤ በመጨረሻ «የሰውየው ቁጥር ያለው በእሷ ስልክ ላይ ነው» አለች። እሷ ዘንድ ቢደወል ስልኩ ዝግ ነው። ሌሊቱን በእግሯ ቆማ ያደረች ልጅ፣ ባትሪውም ያለቀ ስልክ፣ ሁለቱም ተኝተዋል። ሰው ተልኮ፣ በእግር ተፈልጎ ነው ደሙ የተገኘው።

እንግዲህ አስተውሉ። መቀስ በቁጥር የሚረካከብበት ቤት ሐኪም የሚጠራበትን ስልክ አይረካከብም። ለምን? መቀሱ የቤቱ ነው፤ ስልኩ የልጅቱ ነው። መቀሱ ሲጠፋ ይጠየቃል፤ ስልኩ ሲዘጋ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሥራው ግን በስልኩ ላይ ቆሟል።

ከወራት በኋላ ያችን ነርስ በወልድያ መናኸሪያ አገኘኋት። መጀመሪያ አላወቀችኝም። ራሴን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሣቀች። «ጋሼ፣ እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም። ደግሞ እርስዎ ስልክዎን ሰጥተውኛል፤ ሰድቦኝ የሚሄድ አለ» አለችኝ። መኪናው እስኪሞላ ሻይ ጠጣን፤ የነገረችኝንም አልረሳሁትም።

በክፍሏ የሥራ ስልክ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም በራሱ ስልክ ይሠራል። ሐኪም የሚጠራው፣ ላቦራቶሪ የሚጠየቀው፣ ሪፈር የሚላክበት ሆስፒታል አልጋ መኖሩ የሚጣራው፣ የአምቡላንሱ ሾፌር የሚለመነው በራሷ ቁጥር ነው። አስታማሚ ገጠር ሲመለስ አዝና ቁጥሯን ትሰጣለች፤ ከዚያ በኋላ ዕረፍት ይሁን ሌሊት፣ ሰርግ ይሁን ለቅሶ፣ ስልኩ ይጮኻል። «እምቢ ብል ጨካኝ እባላለሁ፤ ባነሣ ዕረፍት የለኝም» አለች። በእኩለ ሌሊት የማታውቃቸው ወንዶች ድምፅ ከስልኳ ሲወጣ ባሏ መጀመሪያ ግራ ተጋብቶ እንደነበርም ነገረችኝ። ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን ይህ ነው። ሐኪሙ ከሩቅ ሆኖ እንዲያየው የበሽተኛውን ቁስል ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልካለች። ፎቶው ከቤተሰቧ ፎቶ ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል። አንድ ቀን ትንሿ ልጇ የልደቷን ፎቶ ስትፈልግ የማታየውን ነገር አይታ ጮኸች። በዚያ ቀን ሁለት ሰው ተበደለ፤ ሕፃኗም፣ ቁስሉ የታየበትም በሽተኛ።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ እናቶች ሞት የሚያጠኑ ሰዎች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚሉት ነገር አለ። አንደኛው ሐኪም ቤት እንሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው በመንገድ መዘግየት ነው። ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። አገራችን በሁለቱ ላይ ብዙ ደክማለች። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት እየዞሩ አስተምረዋል፤ ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች ተሠርተዋል፤ ለወረዳዎች አምቡላንስ ታድሏል። ውጤቱም ታይቷል። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 እ.ኤ.አ. ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ 412ም ቢሆን 412 እናት ነው። እኔም በዚያ ሌሊት ያየሁት ሦስተኛውን መዘግየት ነው። ወስነን መጥተናል፤ መንገዱን ጨርሰናል፤ ሐኪሙ ከቅጥሩ ብዙም ሳይርቅ ተኝቷል። የቀረው አንድ ጥሪ ብቻ ነበር።

አንዳንድ ሰው «ስልክ ባልነበረበት ዘመን አልታከምንም ወይ?» ይላል። ሞባይል በአገራችን አገልግሎት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው፤ ወደ እኛ ተራሮች የመጣው ቆይቶ ነው። ከዚያ በፊት ጥበቃው ፋኖስ ይዞ የሐኪሙን በር ሊያንኳኳ ይሮጥ ነበር፤ እውነት ነው። ዛሬ ግን ያ ልማድ ተረስቷል፤ ሁሉ ነገር ወደ ስልክ ዞሯል። በዚያ ላይ ስልክ የሌለበት ሌሊት ምን እንደሚመስል እኛ የላስታ ሰዎች በወሬ አይደለም የምናውቀው።

ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ኅዳር ላይ ብትለቀቅም በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. እንደገና ተያዘች፤ በዚያው ወርም ተመለሰች። በነዚያ ወራት መብራት ጠፋ፤ ባንክ ተዘጋ፤ ስልክ ዝም አለ። በክልላችን ብዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ፈረሱ። በሰፈራችን አንዲት እናት ሌሊት ምጥ በያዛት ጊዜ ወጣቶች ተሰብስበው ቃሬዛ አነሡ። ግን ወዴት ይሂዱ? ባለሙያዋ አለች ወይስ ተሰዳለች? መድኃኒት ቀርቷል ወይስ ተወስዷል? የሚጠየቅ የለም። አንድ ልጅ ቀድሞ በእግሩ ሄዶ እስኪመለስ ሴትዮዋ በቃሬዛው ላይ ሆና በደጃችን ጠበቀች። በቃሬዛው ዙሪያ ቆመን የልጁን ኮቴ ስናዳምጥ፣ ያች በኮሪደር ስልክ ይዛ የምትመላለስ ነርስ ትዝ አለችኝ። «አሁን እንደዚያ ስትመላለስ ባየኋት» ብዬ ተመኘሁ። የሰደብኩትን ነገር ተመኘሁት። ሴትዮዋን አላህ አተረፋት፤ እኔን ግን ያ ሌሊት አስተማረኝ።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። ያኔ በቴሌግራም ፎቶ ልኮ ምክር መጠየቅ ቀረ። የወረቀቱን የስልክ ቁጥር ዝርዝር ግድግዳው ላይ የለጠፈ ክፍል ሥራው ሲቀልለት፣ ሁሉን በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ያስቀመጠው ተቸገረ። ይህም የመናኸሪያዋን ልጅ ነገር አጸናልኝ። የብዙ ሰው ሕይወት የሚያያዝበት ነገር በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ብቻ መኖር የለበትም።

እስቲ ወጣ ብለን ሌላውንም ዓለም እንመልከት። በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ከሞባይል በፊት ፔጀር የምትባል በወገብ የምትታሠር ትንሽ መሣሪያ ነበረች፤ ስትጮኽ ተረኛው ወደ ስልክ ይሮጣል። በእንግሊዝ አገር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በመንግሥት የጤና አገልግሎቱ ውስጥ 130,000 ያህል ፔጀሮች ነበሩ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሌላ መገናኛ እንዲተኩ መመሪያ ወጣ። አሮጌ ነው ተብሎ የተነቀፈው ያ መሣሪያ እንኳ ግን የሆስፒታሉ ንብረት ነበር። ቻርጁም፣ ጥገናውም፣ ወጪውም የቤቱ ነው። ነርሷ ከደመወዟ ገዝታ «ሐኪም ልጥራበት» አላለችም።

በኢስላም ታሪክም የመጀመሪያዋ ነርስ ተብላ የምትታወቀው ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ.) ናት። በመዲና መስጊድ ድንኳን ተተክሎላት ቁስለኞችን ታክም ነበር፤ በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰለው ሰዕድ ኢብን ሙዓዝም (ረ.ዐ.) ወደዚያ ነው የተወሰደው። የድንኳኑን ቦታ አስቡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቅርብ እንዲጠይቁት ቁስለኛው በመስጊዱ፣ በሰው መሐል ተደረገ። ያኔ ቅርበት በቦታ ነበር። ዛሬ ሐኪሙ በአንድ ሰፈር፣ ደሙ በሌላ፣ አምቡላንሱ ከተራራ ማዶ ሆኖ ሳለ የሚያቀራርበን ስልክ ነው። ያኔ ድንኳኑን ለሩፈይዳ የሰጣት ማኅበረሰቡ ነው። ለዛሬዋ ነርስ ስልኩን ማን ይስጣት?

ይህን ስል ግን ሚዛኑን አላጣምምም። በሥራ ሰዓት በስልክ የምትጫወት፣ በሽተኛ እየጠራት ፌስቡክ ላይ ዓይኗን የተከለች ነርስ የለችም አልልም። አለች፤ ወንዱም አለ። የሥራ ስልክም ቢሆን ያለ ሥርዓት ከተያዘ ይጎዳል። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ ሁለት ሆስፒታሎች 98 ነርሶች መድኃኒት ሲሰጡ ተከታትለዋቸው ነበር። ከመድኃኒት መስጠቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በመሐል ይቋረጥ ነበር፤ ነርሷ ባቋረጧት ቁጥር የስሕተቱ ዕድል ከ12 በመቶ በላይ ከፍ ይል ነበር። አቋራጩ አንዳንዴ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ሥራ ነው፤ አንዳንዴ ስልክ ነው። መርፌ እየለካች ያለች እጅ ስልክ ልታነሣ አይገባም። ደግሞም ስልክ ከአልጋ አልጋ፣ ከእጅ ወደ ጆሮ ሲዞር ጀርም ይዞ ይዞራል፤ በአገራችን ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶችም በጤና ባለሙያዎች ስልኮች ላይ ይህንኑ አግኝተዋል። እጅ የሚታጠብ ከሆነ ስልክም በአልኮል መወልወል አለበት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ሆኜ ያየሁትን ነው የምናገረው። ነገሩም ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም።

ለየክፍሉ አንድ ስልክ ይኑር። ውድ መሆን የለበትም፤ ባትሪው ቀን የሚያውል፣ ቢወድቅ የማይሰበር ይሁን። ቁጥሩ የክፍሉ ይሁን እንጂ የሰው አይሁን። ሂሳቡን ቤቱ ይሙላ፤ ለሳሙናና ለጓንት በጀት የሚያዝ ከሆነ ለጥሪም ይያዝ። መብራት በሚጠፋበት አገር ነንና በፀሐይ የሚሞላ ቻርጀር አብሮት ይቀመጥ። ፈረቃ ሲቀየር ከቁልፉና ከመዝገቡ ጋር ይረካከቡት፤ «ስልክ አንድ፣ ባትሪው ሙሉ፣ ሂሳቡ ይህን ያህል» ተብሎ ይጻፍ። ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች በስልኩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በትልቅ ፊደል ተጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጠፉ፤ ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ማን የት እንዳለ ይታወቃልና። መድኃኒት የሚለካው ሰው ስልኩን ለሌላው ይስጥ። የበሽተኛ ፎቶ በፈቃዱ ብቻ ይነሣ፤ በክፍሉ ስልክ ይላክ፤ ሥራው ሲያልቅ ይጥፋ። ገጠር የሚመለስ አስታማሚም የነርሷን ሳይሆን የክፍሉን ቁጥር ይዞ ይሂድ።

ይህ ሲሆን ሌላም ነገር ይጠራል። ነርሷ የክፍሉን ስልክ ስትይዝ አስታማሚው ሥራ ላይ መሆኗን ያውቃል። የራሷን ስልክ ስትነካካ ደግሞ አለቃዋ ሊጠይቃት ይችላል። ዛሬ ሁለቱ በአንድ ስልክ ስለተደባለቁ ትጉዋ ከሰነፏ አትለይም፤ ለሕመምተኛ ብላ የምትደውለው ትሰደባለች፤ የምትጫወተዋም «ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ታመልጣለች። ሥርዓት ማጣት የሚጎዳው ሁልጊዜ ደጉን ነው።

ለአስተዳዳሪዎች የምለው፣ አደራ የሚባለው ነገር ሁለት ወገን አለው። አደራ ሰጪው መያዣውን ሳይሰጥ ተቀባዩን «ለምን አፈሰስክ?» ሊል አይችልም። የእናቶችን ነፍስ ለዚያች ልጅ ከሰጣችሁ መጥሪያውንም ስጧት። ለነርሶች የምለው፣ የክፍሉ ስልክ ከእጃችሁ ሲገባ የእናንተ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት እየመጣ ያለው ቃሬዛ ላይ የተኛው ሰው ነው። በወሬ የተያዘ መስመር ለእሱ የተዘጋ በር ነው።

ለእኛ ለአስታማሚዎች የምለው ደግሞ ከሁሉ ይከብደኛል፤ መጀመሪያ ለራሴ ነውና። ሰው ሲጨንቀው የሚወቅሰው ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም በቅርብ የቆመውን ነው። በዚያ ሌሊት በቅርብ የቆመችው እሷ ነበረች። ያየሁት ስልክ ነው፤ የፈረድኩት በልቧ ላይ ነው። ከስልኩ ማዶ ማን እንዳለ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ኖሮ ካርድ እንዳለቀባት ቀድሜ አውቅ ነበር፤ ምናልባት ሦስቱ መመላለስ አንድ ይሆን ነበር። የእህቴን ልጅ ያዘገየው ካርድ ማጣት ብቻ አይደለም ብዬ ራሴን የምወቅስበት ጊዜ አለ፤ ሳልጠይቅ የፈረድኩባቸው ደቂቃዎችም አሉበት።

ያን ቀን በመናኸሪያው መኪናዋ ሞልቶ ስትነሣ፣ ከስልኬ ላይ የሃምሳ ብር ካርድ ልልክላት ፈለግሁ። እምቢ አለች። «ለእኔ አይላኩ ጋሼ። አንድ ቀን ለክፍሉ ስልክ ሲገዛ ያኔ ይላኩ» አለችኝ። ከዚያ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «አብሽሩ!» ብላኝ ሄደች።

ውድ አንባቢያን፣ ያቺ ሃምሳ ብር እስካሁን ዕዳዬ ናት። በየአካባቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍሉ ስልክ እንዳለው ሄዳችሁ ጠይቁ። ከሌለው፣ ለአንድ ስልክና ለጥቂት ካርድ የሚያንስ ሰፈር፣ ዕድርም ሆነ ጀመዓ፣ በአገራችን አለ ብዬ አላምንም። በሚቀጥለው ጊዜም ነርስ ስልክ ይዛ በኮሪደር ስትመላለስ ብታዩ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ከማለታችሁ በፊት ጠጋ ብላችሁ በለሆሳስ «እህቴ፣ ሂሳብ አለሽ?» በሏት።

አላህ በሽተኞቻችንን ይማርልን፤ ሌሊት ቆመው የሚያድሩትንም ይጠብቅልን። አሚን።